ለአንድ ስፒከር ሁለት ገመድ

ባይዋየሪንግ ማለት ከአምፕሊፋየር ወደ አንድ ስፒከር በአንድ ጥንድ ሽቦ ፈንታ ሁለት ጥንድ መዘርጋት ነው፤ አንዱ ጥንድ ለወፍራሙ ድምፅ፣ ሌላው ለቀጭኑ። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ክርክሩ ግን ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቶ አሁንም አላለቀም። የሚያልቅም አይመስልም፤ አንደኛው ወገን የሚያቀርበው ስሌት ነው፣ ሌላው የሚያቀርበው ጆሮውን ነው፤ ስሌትና ጆሮ ደግሞ ቁጭ ብለው ተነጋግረው አያውቁም።

መነሻው የስፒከሩ ጀርባ ነው። ከፊት ሲያዩት ማንኛውም ስፒከር ጨዋ ነው፤ ጨርቅ ለብሶ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። አዙሮ ጀርባውን ያየ ሰው ግን ሁለት ብሎን ሲጠብቅ አራት ያገኛል፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር። የላይኛው ቀይ ከታችኛው ቀይ፣ የላይኛው ጥቁር ከታችኛው ጥቁር ጋር ወርቅማ በሆነች ጠፍጣፋ ብረት ተያይዘዋል። ብረቷ ጃምፐር ትባላለች። እሷ በቦታዋ እስካለች ድረስ አራቱ ብሎኖች በሥራ ሁለት ናቸው፤ ሽቦው ከላይኞቹም ታሰረ ከታችኞቹ ሙሉ ድምፅ ይወጣል። ብዙ ሰው በዚህ ሁኔታ ለዓመታት በሰላም ይኖራል። ሰላሙ የሚደፈርሰው ነገር አዋቂ የሆነ ጓደኛ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ከስፒከሩ ኋላ ያጎነበሰ ዕለት ነው። "አንተ፣ ይሄ እኮ ባይዋየር ይደረጋል! ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለህ ነው የምትሰማው?" ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ሰው ዝም ብሎ መስማት አይችልም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር እምብዛም አይወሳሰብም። ተራ የቤት ስፒከር ቢያንስ ሁለት ድምፅ ማውጫ አለው። ትልቁ ዉፈር ነው፤ ከበሮውንና ባስ ጊታሩን ይይዛል። ትንሹ ትዊተር ነው፤ የጸናጽሉን ቅጭልታ፣ የዘፋኙን የ"ሰ" እና የ"ሸ" ፉጨት ያወጣል። ሥራውን የሚያከፋፍላቸው ክሮስኦቨር የሚባል ሰርኪዩት ነው፤ ኮይሉ ወፍራሙን አሳልፎ ቀጭኑን ያግዳል፣ ካፓሲተሩ ደግሞ በተቃራኒው። በብዙዎቹ ባለ ሁለት ድምፅ ማውጫ ስፒከሮች ድንበሩ ከ2000 እስከ 3000 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ባይዋየር የሚደረግ ስፒከር ማለት እንግዲህ ክሮስኦቨሩ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ግማሽ የራሱን ሁለት ብሎን ያገኘ ማለት ነው። ጃምፐሮቹ ሲነሱ ሁለቱ ግማሾች አይተዋወቁም። ይህን ያልተረዳ ሰው ጃምፐሩን አውልቆ ሁለተኛውን ገመድ ሳይገዛ ስለሚቀር፣ ወይ ጎረቤት ግድግዳ የሚነካ ጉምጉምታ ብቻ ይሰማል፣ ወይ ደግሞ ከራስጌ ሬዲዮ የማይሻል ሲርሲርታ። አንዳንዱም ይህንኑ ለእንግዳ አሰምቶ "አየህ ልዩነቱን?" ይላል። እንግዳው ልዩነቱን ያያል።

ሐሳቡ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ቀድመው ከሰበኩት መካከል አንዱ አሜሪካዊው ስፒከር ሠሪ ሪቻርድ ቫንደርስቲን ነው። መከራከሪያው በአጭሩ ሲቀርብ ይህን ይመስላል፤ ዉፈሩ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ከረንቱም በሽቦው ዙሪያ የሚያብጥና የሚሟሽሽ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ በተጨማሪም ዉፈሩ ሲንቀጠቀጥ እንደ ትንሽ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ይልካል፤ ደካማው የትዊተር ምልክት በዚህ ሁሉ መሃል ይጎሳቆላል። ስለዚህ ይለያዩ። የዕቃ ሻጮች አቀራረብ ከዚህ ያጠረ ነው፦ "አለቃ፣ አይሱዙና ባጃጅ በአንድ መንገድ ሲሄዱ ባጃጁ ምን ይሆናል? ለባጃጁ የራሱን መንገድ ስጠዋ!"

ምሳሌው ያምራል፤ ጉድለቱ ሽቦ መንገድ አለመሆኑ ነው። በመዳብ ውስጥ 50 ኸርዝና 10,000 ኸርዝ አብረው ሲሄዱ አይገፋፉም። አንዱ በሌላው ላይ ተደምሮ ይጓዛል፤ ከወዲያ ጫፍ ሲደርሱ ክሮስኦቨሩ ሁለቱንም እንደነበሩ ለይቶ ያወጣቸዋል። ደግሞስ ወፍራሙና ቀጭኑ ከስቱዲዮው ማይክሮፎን ተነስተው እስከ አምፕሊፋየሩ ብሎን ድረስ የመጡት በአንድ ሽቦ አይደለም እንዴ? ያን ሁሉ አገር ተቃቅፈው አቋርጠው በመጨረሻዋ ሦስት ሜትር ላይ ይጣላሉ ማለት ለማመን ይከብዳል።

ይሁንና ልዩነቱ ፈጽሞ የለም የሚሉትም አበዙት። ልዩነት አለ፤ ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው። ኤሌክትሪሺያን ሁሉ የሚያውቀው፣ ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሽቦ ለስሌት ይበቃል፤ የመዳቡ ስፋት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ 3 ሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው 6 ሜትር ይሆናል፣ ሬዚስታንሱም 0.04 ኦም ገደማ ነው። ስፒከሩ 8 ኦም ነው ይባል፤ ሽቦው የስፒከሩ 200ኛ እጅ መሆኑ ነው። ዉፈሩ ከሚስበው ከረንት ውስጥ 1 በመቶው የተዛባ ቢሆን፣ በዚህ ሽቦ በኩል ትዊተሩ ዘንድ የሚደርሰው የዚያች 1 በመቶ 200ኛ እጅ ነው፤ ማለትም 0.005 በመቶ። ትዊተሩ ራሱ በገዛ እጁ የሚያበላሸው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

ይችን 0.005 በመቶ ባይዋየሪንግ በእርግጥ ይቀንሳታል። ነገር ግን ሁለቱ ገመዶች የሚነሱት ከአንድ ብሎን፣ ከአንድ አምፕሊፋየር ሆድ ነው። ዳምፒንግ ፋክተሩ፣ ማለትም የስፒከሩ ኦም ለአምፕሊፋየሩ የውስጥ ኦም ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ 100 የሆነ አምፕሊፋየር በውስጡ 0.08 ኦም ይዟል፤ የሽቦው እጥፍ ነው። እንግዲህ ዉፈርና ትዊተር ከሚጋሩት ሬዚስታንስ ውስጥ ገመድ በመለየት የሚነሳው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ማንም ሳይነካው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ይቀመጣል።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ሁለት ጥንድ ገመድ የገዛ ሰው ጃምፐሩን ሳያነሳ ሁለቱንም ጥንዶች አንድ ላይ ማሰር ይችላል፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። መዳቡ ያው፣ ዋጋውም ያው ነው፤ ሬዚስታንሱ ግን ለዉፈሩም ለትዊተሩም በግማሽ ይወርዳል። ባይዋየር ሲደረግ እያንዳንዳቸው የሚያገኙት አንዱን ጥንድ ብቻ ነው። ይህን አማራጭ ሻጭ ሲያቀርብ ተሰምቶ አይታወቅም። ስም የለውማ! ስም የሌለውን ነገር ማን በውድ ይገዛል?

ፋብሪካዎቹም አንድ አቋም የላቸውም። የእንግሊዙ ቦወርስ ኤንድ ዊልኪንስ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ አራት ብሎን ሲያደርግ ኖሯል። የዴንማርኩ ዳይናውዲዮ በበኩሉ ሁለት ብሎን ይበቃል ብሎ ለረጅም ጊዜ ሙጭጭ ብሏል፤ ስፒከሮቹ ግን በዚህ ምክንያት ከገበያ አልወጡም። ለሠሪው ሁለት ተጨማሪ ብሎን ማለት ትንሽ ወጪ ነው፤ ለገዢው ደግሞ አራት ብሎን "ትልቅ ዕቃ" የመሆን ምልክት ነው። ክርክሩን ለመፍታት የሳጥኑን ጀርባ ማየት እንግዲህ አይረዳም።

ታዲያ ያ ሁሉ ሰው "ቀየርኩት፣ ሌላ ስፒከር ሆነ!" ሲል ይዋሻል? አይዋሽም። ድምፁ እውነት ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል። ምን እንዳሻሻለው ለማወቅ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ የሚደረገውን ከቅርብ መመልከት ነው። ባለቤቱ ስፒከሩን ለዓመታት ከተቀመጠበት ቡፌ ያወርደዋል። ከላዩ ላይ ዳንቴሉ፣ የላስቲክ አበባውና የልጅ የምረቃ ፎቶ ይነሳሉ። የጀርባው ብሎን በጣት ሲነካ ይዞራል፤ ከተገዛ ጀምሮ ያጠበቀው የለም። የድሮው ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ አውጥቷል። በግራው ስፒከር ላይ ቀዩ ሽቦ ከጥቁሩ ብሎን፣ ጥቁሩ ከቀዩ ታስሮ ይገኛል። ባለቤቱ አዲሱን ገመድ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ አጥብቆ ያስራል፤ ቀይና ጥቁሩንም በትክክል ያደርጋል። ሲመልሰው ወፍራሙ ገመድ አላስገባ ስለሚለው ስፒከሩ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ዳንቴሉም ተረስቶ መሬት ይቀራል። ከዚያ ልጆቹ "ውጡና ተጫወቱ" ይባላሉ፣ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ሰውየው መሃል ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ የሚወደውን ዘፈን ከፍ አድርጎ ይከፍትና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሌላ ሥራ ሳይሠራ አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ያዳምጣል። ልዩነት ባይሰማ ነበር የሚደንቀው። ምስጋናውን የሚወስደው ግን ከዚህ ሁሉ ነገር ገመዱ ብቻ ነው።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ለብቻው ሊነገርለት የሚገባው የቀይና ጥቁሩ ነገር ነው። ከሁለቱ ስፒከሮች በአንዱ ከተለዋወጡ፣ አንዱ ዉፈር ወደ ፊት ሲወጣ ሌላው ወደ ኋላ ይገባል፤ ባሱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ መሃል መቆም የነበረበት ዘፋኝም ክፍሉ ውስጥ የት እንዳለ አይታወቅም። ይህ ስህተት ጆሮ ላለው ሁሉ የሚሰማ ነው፤ ማስተካከያውም ነፃ ነው። ስንት ቤት በዚህ ሁኔታ ተቀምጦ የገመድ ዋጋ እያጠያየቀ ይሆን?

ጆሮ ብቻውን እንዲፈርድ የሚያደርግ ዘዴ ከተገኘ ቆይቷል። ዴቪድ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1982 ኤቢኤክስ የተባለውን የማወዳደሪያ መሣሪያ ለባለሙያዎች አስተዋወቀ፤ አድማጩ የትኛው ዕቃ እየሠራ እንደሆነ ሳያውቅ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የሐርማን ኩባንያ ባልደረቦችን ያንኑ ስፒከር አንዴ እያዩ፣ አንዴ በመጋረጃ ተከልሎ አሰሟቸው። የሚያዩትን ሲያውቁ የሰጡት ነጥብ ሳያውቁ ከሰጡት ተለየ፤ መልክ፣ መጠንና ስም ከድምፁ ጋር አብረው ፈርደዋል። ሰዎቹ ድምፅ እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ። በገመድ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 አስማተኛው ጄምስ ራንዲ አንድ ሰው የ7,250 ዶላር የስፒከር ገመድን ከተራ ገመድ በጆሮው ብቻ ከለየ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማቱን ለመስጠት ተስማማ። ገመዱን ያቀርባል የተባለው አምራች ራሱን አገለለ፤ ሙከራው ሳይደረግ፣ ሚሊዮኑም ሳይነካ ቀረ።

በቤት ውስጥ ለሚደረግ ሙከራ መጋረጃ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ያላት ሚስት ትበቃለች። ባል ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል፣ እሷ ከኋላ ትቀይራለች ወይም ሳትቀይር ትተዋለች፣ እሱ ይገምታል። ከ10 ጊዜ 9ኙን ያገኘ ሰው ሊታመን ይገባል፤ ዝም ብሎ በሳንቲም የሚገምት ሰው እዚያ የሚደርሰው ከ100 አንድ ጊዜ ያህል ነውና። ችግሩ ብሎን መፍታትና ማሰር ደቂቃዎች መውሰዱ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ጥቃቅን ልዩነትን ይዞ የሚቆየው ለሴኮንዶች ነው። ብዙውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ያልቃል፦

"ይሄ ባይዋየሩ ነው! ሰማሽው? ክፍት አለ እኮ!"

"ገና መች ነካሁት? ጠመንጃ መፍቻው ወድቆብኝ እየፈለግኩ ነው።"

ለሙከራ የሚመረጠው ሙዚቃም ቁም ነገር ነው። በሁዳዴ ከየቤቱ የሚሰማው በገና ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል። ከአውታሩና ከመቀመጫው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ያን የሚያነዝር ድምፅ ትፈጥራለች፤ የአውታሩ መሠረት ወርዶ ዉፈሩ ዘንድ ሲቀመጥ ንዝረቱ ወደ ላይ ተበትኖ ትዊተሩ ድረስ ይወጣል። ክሮስኦቨሩ ወይም አሳሰሩ ችግር ካለበት የበገናው ድምፅ ለሁለት የተከፈለ መሣሪያ መስሎ ይሰማል። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የኖረ የድሮ ዘፈን ግን ለፈተና አይሆንም። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሙዚቃ ማሳተሚያውን ካቋቋመ ወዲህ የወጡት ሸክላዎች ዛሬም ይናፈቃሉ፤ አሥር ጊዜ የተገለበጠው ቅጂ ላይ የሌለውን ድምፅ ግን አራት ጥንድ ገመድም አይመልሰውም።

ገንዘብም ጉልበትም የሚያዋጣው ክፍሉ ላይ ነው። በሁለት ግድግዳ መካከል 4 ሜትር ባለበት ክፍል፣ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ባስ ከግድግዳው ሥር ይከመራል፣ መሃል ላይ ይሳሳል፤ በሁለቱ ቦታዎች መካከል የሚኖረው ልዩነት ከ10 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል። ገመድ የሚያመጣው ለውጥ የሚቆጠረው በዴሲቤል መቶኛ ነው። አገሬው ሳሎን ውስጥ ሶፋ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ይደረደራል፣ ስፒከር ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆ ጋር ይታጨቃል፤ ባሱ ሲመጣ የሚንቀጠቀጠው ብርጭቆው ነው። አንዳንድ ቤትም አንዱ ስፒከር ሳሎን፣ ሌላው ኮሪደር ይሰቀላል፤ "ለኩሽናም እንዲሰማ" ተብሎ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ስቴሪዮ ባይዋየር ማድረግ ለምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ስፒከሮቹን ከቡፌው አውጥቶ እኩል ከፍታ ላይ፣ ከጆሮ ጋር በሚተካከል ቁመት ማቆምና ወለሉ ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ ከማንኛውም ገመድ ይበልጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ድርድር ግን ከሻጭ ጋር ሳይሆን ዳንቴሉን ከሠራችው ጋር ስለሆነ፣ ብዙ ወንዶች ገመዱን ይመርጣሉ።

እንግዲህ ውሳኔው ይህን ይመስላል። ያለው ገመድ ቀጭን ከሆነ በአንድ ወፍራም መቀየር ይገባል፤ ለ3 ሜትር ባለ 1.5 ይበቃል፣ ራቅ ላለ ባለ 2.5። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚገዛው የግድግዳ ሽቦ ድርቅ ያለ ስለሆነ ለማሰር ያስቸግራል፤ ባለ ብዙ ክር የሆነው ይሻላል። ጃምፐሮቹን አውልቆ ጠርጎ መልሶ ማጥበቅ ምንም አያስወጣም። ትርፍ ገመድ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ባይዋየር ቢያደርግ ደግሞ ጉዳት የለውም፤ መጥፎው ነገር ለዚሁ ብሎ ከስፒከሩ ዋጋ ግማሽ የሚያህል ገንዘብ ማውጣት ነው። ያን ገንዘብ ወደ ተሻለ ስፒከር ማዞር እስከ ጎረቤት የሚሰማ ለውጥ ያመጣል።

ባይዋየር የሚያደርግ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ብዛቱን ነው። በአንድ ገመድ ለሁለት ስፒከር 8 ቦታ ይታሰራል፤ በሁለት ገመድ 16 ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ቀይና ጥቁር ቢለዋወጥና ትዊተሩ ብቻ ቢገለበጥ፣ ድንበሩ አካባቢ፣ የሰው ድምፅ ጥራት በሚሰማበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ሰውየውም "ለስለስ አለ" ብሎ ይደሰታል። አምፕሊፋየሩ ላይ ሁለት ሽቦ በአንድ ብሎን ስለሚታሰር፣ ያመለጠች አንዲት ቀጭን ክር ከጎኗ ያለውን ብሎን ከነካች ሾርት ታደርጋለች። "ኤ" እና "ቢ" የሚል የስፒከር መምረጫ ያለው አምፕሊፋየር ሲሆን መመሪያውን ማየት ግድ ነው፤ አንዳንዱ ሁለቱን በተከታታይ ስለሚያያይዝ ለባይዋየሪንግ አይሆንም።

ባይዋየሪንግ ከባይአምፒንግ ጋር ይምታታል። ባይአምፒንግ ለዉፈሩ አንድ አምፕሊፋየር፣ ለትዊተሩ ሌላ ማቆም ነው። ድምፁ ከአምፕሊፋየሮቹ በፊት በኤሌክትሮኒክስ ክሮስኦቨር ከተከፈለ ቁም ነገር ያለው፣ በስቱዲዮና በትልልቅ አዳራሾች የሚሠራበት ዘዴ ነው። የቤት ሪሲቨሮች በትርፍ ቻናሎቻቸው እናደርገዋለን የሚሉት ግን ሁሉም ቻናል ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ስለሚጠጣ ያን ያህል አያስጎመጅም። በዚህኛው ላይ ጃምፐሩን ማንሳት የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ሳይነሳ ሁለት አምፕሊፋየር ከታሰረ አንዱ በሌላው ላይ ይፈስሳል፤ ባለቤቱም ልዩነቱን በጆሮው ሳይሆን በአፍንጫው ያውቀዋል።